የማያ ፍርስራሽ ላይ ቁፋሮ ልማር አስቤአለሁ፤ ቤሊዝ የሄደ ሰው አለ?

ሰብለ · ጥር 14

ሰላም ለሁላችሁ። ሜሪላንድ ነው ያለሁት። ዩኒቨርሲቲ ሁለተኛ ዓመት ነኝ፤ አንትሮፖሎጂ እማራለሁ። በመጪው ሰመር መካከለኛው አሜሪካ ባለችው ቤሊዝ ውስጥ ለአራት ሳምንት የሚሰጥ የአርኪዮሎጂ የመስክ ትምህርት አለ። ማረፊያችን ሳን ኢግናሲዮ የምትባል ከተማ ናት፤ ከጓቲማላ ድንበር ብዙም አትርቅም። ዙሪያዋን ያለው ሸለቆ የጥንት ማያዎች ከተሞች የነበሩበት ነው። ማመልከቻው መጋቢት ላይ ይዘጋል።

ክፍያው ከአውሮፕላን ቲኬቱ ጋር ለእኔ ከባድ ነው። ቅዳሜና እሁድ ካፌ እየሠራሁ ያጠራቀምኩት አለ፤ ሙሉውን ጠራርጎ ይወስደዋል። ስለዚህ ከመክፈሌ በፊት የሄደ ሰው ልጠይቅ። ቀኑን ሙሉ ምንድን ነው የሚሠራው? ከዚያ በኋላስ ሥራ ያስገኛል? ጤናውስ?

እማዬ "ጫካ ገብተሽ ጉድጓድ ልትቆፍሪ ነው ይሄን ሁሉ ብር የምትከፍዪው?" ብላኝ ሳምንቱን ሙሉ ከፍቷት ነው የከረመችው። ላስከፋት አልፈልግም። ግን ከልጅነቴ ጀምሮ እንደዚህ የጓጓሁለት ነገር የለም።

ቆፋሪው · ጥር 14

እህቴ፣ እንኳን ጠየቅሽ። እኔ እ.ኤ.አ. በ2018 እዚያው ሸለቆ ነበርኩ።

ከሥራው ልጀምር፣ ለእናትሽ የምትነግሪያት እሱን ስለሆነ። አሜሪካ ውስጥ አብዛኛው አርኪዮሎጂስት የሚሠራው ዩኒቨርሲቲ ውስጥ አይደለም። በ1966 የወጣ የቅርስ ጥበቃ ሕግ አለ። የፌዴራል ገንዘብ ወይም ፈቃድ ያለበት መንገድ፣ ድልድይ ወይም የጋዝ መስመር ከመሠራቱ በፊት ቦታው ላይ ቅርስ መኖር አለመኖሩ መታየት አለበት ይላል። ይህንን የሚያጠኑ የግል ድርጅቶች ብዙ ናቸው። እኔም ቨርጂኒያ ውስጥ የምሠራው እንደዚያ ዓይነት ቦታ ነው። ሲቀጥሩ መጀመሪያ የሚጠይቁት የመስክ ትምህርት ወስደሻል ወይ ነው። ዲግሪ ይዘሽ እሱ ከሌለሽ በሩ ይጠብብሻል።

አሁን ስለ ቀኑ። ንጋት 11 ሰዓት ትነሻለሽ፤ ፀሐይዋ ሳትበረታ ቦታው ላይ መድረስ አለባችሁ። ካስማ ተተክሎ ሲባጎ ይወጠራል፤ ብዙ ጊዜ ሁለት ሜትር በሁለት ሜትር። ከዚያ ከላይ ወደ ታች በስሱ እየገፈፍሽ ነው የምትወርጂው። ዶማ የምትይዢው ሥሩንና የላዩን ጥቁር አፈር እስክታነሺ ብቻ ነው። ከዚያ በኋላ መሣሪያሽ ትሮዌል ናት። ግንበኛ ሲሚንቶ የሚለጥፍባት ዓይነት ናት፤ አነስ ያለች፣ ጫፏ ሹል። የተፋቀው አፈር በባልዲ ወደ ወንፊት ይሄዳል። ወንፊቱ ላይ ገል ይቀራል፣ የባልጩት ስባሪ ይቀራል፣ ማያዎች ይበሉት የነበረ የወንዝ ቀንድ አውጣ ቅርፊት ይቀራል። ከየትኛው ጉድጓድ፣ ከየትኛው የአፈር ንጣፍ እንደወጣ ከረጢቱ ላይ ትጽፊያለሽ። ሳትጽፊ ካለፍሽው ያ ገል ከዚያች ሰዓት ጀምሮ ተራ ጠጠር ነው።

አንድ ነገር ልንገርሽ። መጀመሪያው ሳምንት ላይ ስፍቅ ስፍቅ ድምፁ ተለወጠ። እስከዚያ ድረስ አፈሩ ለስላሳ ነበር። ድንገት ትሮዌሏ ሸርተት አለችና ሳህን ላይ እንደሚጎተት ማንኪያ ጮኸች። አጠገቤ የነበረው ቤሊዛዊ ሠራተኛ እጄን ያዘኝ። በብሩሽ ስንጠርገው ነጭ የኖራ ልስን ወጣ። የቤት ወለል ነው። ከ1,000 ዓመት በላይ ማንም አልረገጠውም። ከሥሩ ሌላ ወለል ነበር፤ ከዚያም ሥር ሌላ። ማያዎች ቤት ሲያድሱ አሮጌውን አፍርሰው አይጥሉም፤ በላዩ ነው የሚሠሩት። ያን ቀን ማታ እንቅልፍ አልወሰደኝም።

ወርቅ ወይም ሐብል አገኛለሁ ብለሽ ከሆነ ግን አትሂጂ። የተገኘው ሁሉ የቤሊዝ መንግሥት ንብረት ነው፤ አንዲት ገል እንኳ በኪስሽ አታወጪም። እንደዚያ መሆኑም ደግ ነው።

እሑድ እሑድ ሹናንቱኒች ወደሚባለው የማያ ፍርስራሽ ውጪ። እኔ በነበርኩበት ጊዜ የሞፓንን ወንዝ የምንሻገረው ሰው በእጁ እያዞረ በሚያንቀሳቅሳት ጀልባ ነበር። ትልቁ ሕንፃ 40 ሜትር ያህላል። እዚያ በ2016 አንድ ትልቅ መቃብርና ጽሑፍ የተቀረጸባቸው ሁለት ድንጋዮች ተገኝተዋል። ድንጋዮቹ የካራኮል (ሌላ የማያ ከተማ ነው) ንጉሥ የነበረው ዳግማዊ ቃን ካሠራው ደረጃ ላይ ተነቅለው የመጡ ናቸው። ካራኮልንም ሳታዪ እንዳትመለሺ። "ካአና" የሚሉት ሕንፃ 43 ሜትር ያህል ነው። ዛሬም ቤሊዝ ውስጥ ካሉት ረጃጅም ሕንፃዎች አንዱ እሱ ነው።

ዓለሙ ዲሲ · ጥር 15

ልጄ፣ ጉጉትሽን ሳነብ ደስ ብሎኛል። ግን አንድ ነገር ከልቤ ልጠይቅሽ። የራሳችን አክሱም እያለ፣ ገና ብዙው ከመሬት በታች ተቀብሮ እያለ፣ የሰው አገር ሐውልት ለምን? እንደ አንቺ ያሉ ልጆች ወደ አገር ቤት ቢያዘነብሉ ነው ደስ የሚለኝ። ተቃውሞ አይደለም፤ የአባት ሐሳብ ነው።

ባልጩት · ጥር 15

ጋሽ ዓለሙ፣ ሐሳብዎ ይገባኛል። እኔ አዲስ አበባ በቅርስ ሥራ ላይ ነኝ። እንዲያውም ትሂድ የምለው ለዚሁ ነው።

ሲባጎ መወጠር፣ ንጣፍ መለየት፣ የጉድጓዱን ግድግዳ በልኬት መሳል፣ እነዚህ ቤሊዝም ተማረቻቸው አክሱም ያው ናቸው። ለጀማሪ ተማሪ በየዓመቱ በመደበኛነት በሩን የሚከፍት የመስክ ትምህርት ደግሞ እኛ ጋ እንደ ልብ አይገኝም። እዚያ ሌላ ሰው እያስተማራት ትሳሳት፣ ትታረም። እጇ ከጠነከረ በኋላ እኛ ጋ ስትመጣ ሠራተኛ ሆና ትመጣለች።

ድንቅነሽ በ1974 እ.ኤ.አ. አፋር ውስጥ ሐዳር በሚባለው ቦታ ስትገኝ ካገኛት ከዶናልድ ጆሃንሰን ጋር አብሮት የነበረው ቶም ግሬይ የድኅረ ምረቃ ተማሪ ነበር። ተማሪ መስክ ላይ ትርፍ ሰው አይደለም።

ሰብለ፣ ስሜን ያወጣሁት ከድንጋዩ ነው። ማያ ቦታ ላይ ጥቁር፣ መስታወት የሚመስል፣ እንደ ምላጭ የቀጠነ ስባሪ ታገኛለሽ። ባልጩት ነው። ቤሊዝ ውስጥ እሳተ ገሞራ የለም፤ ስለዚህ ያ ድንጋይ ከጓቲማላ ደጋ፣ ከኤል ቻያልና ከኢሽቴፔኬ በሰው ጀርባና በጀልባ ተጉዞ ነው የደረሰው። እኛ ጋ መልካ ቁንጡሬ አጠገብ ባልጪት የሚባለው ቦታ ስሙን ያገኘው ከዚሁ ድንጋይ ነው። በ2024 ሁለቱም አንድ ላይ በዩኔስኮ የዓለም ቅርስነት ተመዝግበዋል። ስትመለሺ መጥተሽ እይው። እጅሽ ላይ ስትይዢው ታውቂዋለሽ።

ዓለሙ ዲሲ · ጥር 15

አመሰግናለሁ ወንድሜ። እንዲህ ከሆነ ሐሳቤን አንስቻለሁ። ትሂድ።

የፊደል ወዳጅ · ጥር 17

እኔ አርኪዮሎጂስት አይደለሁም። የማያን ጽሑፍ ግን ለዓመታት ለብቻዬ ሳጠና ቆይቻለሁ። ሰብለ፣ አንቺ አማርኛ ተናጋሪ በመሆንሽ ብቻ ከሌሎቹ ተማሪዎች አንድ እርምጃ ቀድመሻል። ለምን እንደሆነ ላስረዳሽ።

ማያዎች ሲጽፉ ሁለት ዓይነት ምልክት ይጠቀማሉ። አንዳንዱ ሙሉ ቃል ነው። ሌላው ልክ እንደኛ ፊደል ተነባቢና አናባቢን አንድ ላይ ይይዛል፤ ፓ፣ ካ፣ ላ። ፓሌንኬ የምትባል የማያ ከተማ ነበረች፤ የንጉሥዋ ስም ፓካል ነበር፤ ጋሻ ማለት ነው። ጸሐፊው ሲፈልግ የጋሻ ሥዕል ይስላል፤ ሲፈልግ ፓ–ካ–ላ ብሎ ይጽፋል። የመጨረሻው አናባቢ አይነበብም። ይህን አሠራር በ1952 ያሳየው የሶቪየቱ ዩሪ ክኖሮዞቭ ነው። ምዕራብ ያሉ ሊቃውንት ለመቀበል ብዙ ዓመት ፈጅቶባቸዋል። ሀ ሁ ሂ ሃ ብሎ ላደገ ልጅ ግን ነገሩ እንግዳ አይደለም።

ደግሞ ድምፁ! የማያ ቋንቋዎች እንደኛ ቀ፣ ጠ፣ ጨ፣ ጸ አሏቸው። እንግሊዝኛ ተናጋሪ ካ እና ቃን ለመለየት ጉሮሮው ይጨነቃል። በጥንቱ ጽሑፍ ካብ ማለት መሬት ነው፤ ቃብ ማለት እጅ ነው። ፀሐይ ቂን ነው። አንቺ ሳትማሪው ትዪዋለሽ።

ስለ ዘመን አቆጣጠራቸው አንዲት ነገር ልጨምር። ሃአብ የሚሉት ዓመት 18 ወር አለው፤ እያንዳንዱ 20 ቀን። ያ 360 ነው። በመጨረሻ 5 ቀን የሆነች ዋየብ የምትባል ትንሽ ወር ትመጣለች። ጳጉሜን አላልሽም? ልዩነቱ እኛ በአራት ዓመት አንዴ ስድስት እናደርጋታለን፤ የእነሱ ሁልጊዜም አምስት ናት። ቀኖቿንም ይፈሯቸው ነበር።

ሂሩት ነርሷ · ጥር 18

የኔ እህት፣ ስለ ጤና የጠየቅሽውን እኔ ልመልስ። 20 ዓመት ነርስ ነኝ።

ቤሊዝ ውስጥ ዴንጊ የሚባል ትኩሳት አለ። ትንኟ ቀን ነው የምትነክሰው፤ ስለዚህ አጎበር ብቻ አይበቃም፣ ረጅም እጅጌ ልበሺ። ጫካው ውስጥ የአሸዋ ዝንብም አለች። እሷ የምታመጣው የቆዳ ቁስል አገር ቤት ቁንጭር የምንለው ዓይነት ነው። ከተመለስሽ ሳምንታት በኋላ የማይድን ቁስል ካየሽ ለሐኪምሽ የት እንደነበርሽ ንገሪው፤ እዚህ ያሉ ሐኪሞች ብዙ ጊዜ አያስቡትም። የቴታነስ ክትባትሽን አሳድሺ። አገር ቤት ደርሰሽ ከዚያ ወደ ቤሊዝ የምታልፊ ከሆነ ደግሞ የቢጫ ወባ ካርድሽን ያዢ።

መዥገር ይበዛል። ከሳን ኢግናሲዮ በላይ ያለው ፍርስራሽ ስሙ ራሱ ካሃል ፔች ነው፤ የመዥገር ቦታ ማለት ነው። ሱሪሽን ካልሲሽ ውስጥ ክተቺ፤ ማታ ማታ ገላሽን ፈትሺ። ከቅርፊቱ ጥቁር ሙጫ የሚያንጠባጥብ ዛፍ ካየሽ አትደገፊው፤ ቆዳ ያቃጥላል። ድንጋይ ስታነሺ መጀመሪያ እባብ መኖሩን በእንጨት አረጋግጪ። ውሃ ሳይጠማሽ ጠጪ። ኦአርኤስ ከቦርሳሽ አይጥፋ።

ያልተመቻት · ጥር 20

ሁሉም ጥሩ ጥሩውን ነገረሽ። እኔ ሌላውን ልናገር። እኔም የመስክ ትምህርት ገብቼ ነበር፤ የትኛው እንደሆነ አልጠራም። አራት ሳምንት ባልዲ ተሸከምኩ። ማንም ንጣፍ ምን እንደሆነ አላስረዳኝም። አንዱ አስተማሪ ሴቶቹን ተማሪዎች አላስቀምጥ ሲል የምናመለክትበት ቦታ አልነበረም። ገንዘቤን ከፍዬ በነፃ ጉልበት ሰጥቼ ተመለስኩ። እስካሁን ያንገበግበኛል።

ስለዚህ ሳትከፍዪ ጠይቂ። ለአንድ አስተማሪ ስንት ተማሪ? የቤተ ሙከራ ሥራና ሥዕል ይማራሉ ወይስ ቁፋሮ ብቻ? ችግር ሲደርስ ለማን ነው የሚነገረው፣ በጽሑፍ አለ ወይ? ሰው ቢታመም የቅርቡ ሆስፒታል ስንት ሰዓት ነው? ክሬዲቱን ዩኒቨርሲቲሽ ይቀበለዋል? ያለፈው ዓመት ተማሪዎች ጋ አገናኙኝ በያቸው። ጥሩዎቹ በደስታ ያገናኙሻል። የሚያንገራግሩ ከሆነ ተዪው።

ቆፋሪው · ጥር 20

እህቴ፣ ይሄን ስለጻፍሽ አመሰግናለሁ። በጣም አዝናለሁ። ሰብለ፣ እሷ ያለችውን ወረቀት ላይ ጽፈሽ በስልክ ጠይቂያቸው።

ስለ ገንዘቡ፤ ፔል ግራንት (መንግሥት ገቢያቸው ዝቅ ላለ ተማሪዎች የሚሰጠውን እርዳታ) የምትወስጂና ዜግነት ያለሽ ከሆነ ጊልማን ለሚባለው ስኮላርሺፕ አመልክቺ። የአሜሪካ የአርኪዮሎጂ ኢንስቲትዩትም በጄን ዋልድባውም ስም ከዚህ በፊት ቁፋሮ ላይ ላልተሳተፉ ተማሪዎች የሚሰጠው አለው። ሁለቱም በጊዜ ይዘጋሉ፤ ዛሬውኑ እዪው። ዲፓርትመንትሽንም ጠይቂ። ሳይጠየቅ የሚመለስ ትንሽ ገንዘብ በየቢሮው አለ።

ሰብለ · መጋቢት 22

ተቀበሉኝ! ስኮላርሺፕም አገኘሁ፤ ሙሉውን አይሸፍንም፣ ከግማሽ በላይ ግን ይሸፍናል።

ያልተመቻት ያለችኝን ሁሉ ጠየቅኩ። ለአምስት ተማሪ አንድ አስተማሪ ነው አሉኝ። ያለፈው ዓመት ሁለት ልጆች ደውለውልኝ አንድ ሰዓት ያህል አወሩኝ።

እማዬን የቆፋሪውን መልስ ጮክ ብዬ አነበብኩላት። ስለ ወለሉ የጻፈው ላይ ስደርስ "ድገሚው" አለችኝ። ከዚያ ምንም ሳትል ሄዳ ከቁም ሳጥኗ የዝናብ ካፖርቷን አወጣች። "ይሄን ይዘሽ ሂጂ" አለች።

ሰብለ · ነሐሴ 9

ተመልሻለሁ። ቃል ስለገባሁ ልጻፍ።

ፒራሚድ ላይ አልሠራሁም። የደረሰኝ ከከተማው መሐል ወጣ ያለ ትንሽ ጉብታ ነው። ሳር የለበሰ፣ በመንገድ የሚያልፍ ሰው ልብ የማይለው። የተራ ሰው ቤት ነበር። መጀመሪያ ቅር ብሎኝ ነበር። በሁለተኛው ሳምንት ሌላ ቦታ እንቀይርሽ ቢሉኝ እምቢ እል ነበር።

አብሮን የሚሠራ ከሳን አንቶኒዮ መንደር የመጣ ሰው ነበር። ከአባቴ በዕድሜ ይበልጣል። ከ30 ዓመት በላይ ቆፍሯል። አፈሩን በአውራ ጣቱ ፈርኮ "እዚህ ጋ ይቀየራል" ይላል፤ እኛ የአፈር ቀለም የሚለይበትን መጽሐፍ ገልጠን ስናመሳክር ያለው ልክ ይሆናል። ቤታቸው ዩካቴክ ማያ ነው የሚናገሩት። አንድ ቀን ምሳ ላይ እጁን አሳይቶ "ቃብ" አለኝ። "ቃብ" አልኩት። ዳቦውን አስቀመጠ። "ድገሚው" አለ። ደገምኩት። ጓደኞቹን ጠርቶ ሁሉንም ቃል እያሰኘኝ ዋለ። የፊደል ወዳጅ፣ ያኔ አንተን አሰብኩህ።

አሁን ዋናውን ልንገራችሁ። ሦስተኛው ሳምንት ላይ ከወለሉ ጠርዝ አንድ ድንጋይ ብቅ አለ። ሞላላ ነው። አንዱ ጫፉ ተሰብሯል። አንዱ ጎኑ ሻካራ፣ ሌላው ልሙጥ። አስተማሪዋ ልትነግረኝ ስትል እኔ ቀድሜ አወቅኩት። መጅ ነው። አያቴ ደሴ ወፍጮዋ ላይ የምትገፋው መጅ። ልሙጡ ጎን የእጅ ሥራ ነው፤ አንዲት ሴት በየቀኑ በቆሎ ስትፈጭበት የለሰለሰ። ድንጋዩ ግራናይት ነው፤ ከደቡብ በኩል ካለው ከማውንቴን ፓይን ሪጅ ተራራ ነው የሚመጣው አሉኝ።

እጄ ላይ ሳደርገው አፈሩን መጥረግ አማረኝ። እንዳትነኪው ተባልኩ። ልሙጡ ጎን ላይ ባሉት ቀዳዳዎች የእህል ስታርች ቀርቶ ሊሆን ይችላል፤ ከታጠበ ይጠፋል። ሳይታጠብ በፎይል ተጠቅልሎ ወደ ቤተ ሙከራ ሄደ። ፎቶውን ለእማዬ ላኩላት። ምን እንደሆነ አልነገርኳትም። ሌሊት ሥራ ላይ ሆና በድምፅ መለሰችልኝ፤ "ይሄ መጅ ነው። የት አገኘሽው?" ድምፅዋ ይንቀጠቀጥ ነበር። አሁን እሷ ናት ለሰው ሁሉ የምታወራው።

የመጨረሻዎቹን ሁለት ቀናት የቆፈርነውን መልሰን ሞላን። ያ ነበር የከበደኝ። ግን ክፍት ከተተወ ዝናብ ያፈርሰዋል፤ ሌባም ይገባበታል። ከመሙላታችን በፊት ጉድጓዱ ሥር የዘመኑን ሳንቲም ያስቀምጣሉ። ወደፊት የሚቆፍር ሰው እስከየት እንደደረስን እንዲያውቅ ነው። ሌሎቹ የቤሊዝና የአሜሪካ አስቀመጡ። እኔ ቦርሳዬ ውስጥ ከአገር ቤት የቀረች ባለ 1 ብር ሳንቲም ነበረችኝ። እሷን አስቀመጥኩ።

ሂሩት ነርሷ · ነሐሴ 9

እልል! እንኳን በደህና መጣሽልን። ቁስል የለሽም አይደል? ገላሽን ፈትሸሻል?

ሰብለ · ነሐሴ 9

ፈትሻለሁ እትዬ ሂሩት። ሁለት የመዥገር ንክሻ ብቻ፤ ሁለቱም ድነዋል። ኦአርኤሱ ግን ግማሹ ክፍል ነው የተጠቀመበት።

ባልጩት · ነሐሴ 10

ሰብለ፣ አንድ የሙያ ጥያቄ አለኝ። ሳንቲሟ ላይ ያለው ዓመት 2002 ነው። የእኛ አቆጣጠር ነው፤ በፈረንጁ 2010። የሚያገኛት ሰው በፈረንጅ ካሰበው ስምንት ዓመት ይሳሳታል። መዝገቡ ላይ ምን ብለሽ ጻፍሽ?

ሰብለ · ነሐሴ 10

የጉድጓዱ ቅጽ የመጨረሻ መስመር ላይ ነው ያሰፈርኩት። "ባለ 1 ብር ሳንቲም፣ ዓመቱ በኢትዮጵያ አቆጣጠር" ብዬ። ከጎኑ አስተማሪዋ ፈርማበታለች።